እትዬ ዘነበች ቀድመው የከፈቱት ቪዲዮ

ዛሬ በጠዋት ቢሮ ስገባ እትዬ ዘነበች ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ኮምፒውተራቸው ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከልን የስልጠና ቪዲዮ ተከፍቷል፤ እሳቸው ግን ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

የሽሮ ሜዳው ቅርንጫፋችን ኔትወርክ ደካማ ነው። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሁላችንም ከከፈትን መስመሩ ይጨናነቅና ባለጉዳይ ቆሞ ይውላል።

ባለፈው ሳምንት አንዴ የተከፈተን ፋይል እዚሁ ቢሮ የሚያስቀምጥ ማሽን ገጠምኩ። "የመጀመሪያው ሰው ብቻ ይጠብቃል፤ ሌላው ከዚሁ ወዲያው ያገኘዋል" ብዬ አስረዳሁ። (የሰማኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።)

"እትዬ፣ ምነው በጠዋት?" አልኳቸው።

"የመጀመሪያው ሰው ይጠብቃል አላልክም? ቁስቋም ኪዳን አድርሼ በዚያው መጣሁ። እኔ ልጠብቅላችሁ ብዬ ነዋ!"

ሥራ ሲጀመር ሁላችንም ቪዲዮውን ከፈትን። አንድም ባለጉዳይ አልቆመም። እትዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "አየህ?" አሉኝ።

ማሽኑ ራሱ ሌሊቱን እንዲያወርደው ማድረግ ይቻላል። እኔ ግን "አየሁ፣ እትዬ" አልኳቸው።

እናንተ ቢሮስ፣ ሌላው እንዳይጠብቅ ብሎ ቀድሞ የሚጠብቅላችሁ ማነው? እስኪ አውሩልኝ።