ባለበሬው ሳይፈቅድ

በሐይቅ ከተማ ቄራ የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን ማረጃ አንድ ግንብ ይለያቸዋል። እኔ በሙስሊሙ በኩል አራጅ ነበርኩ፤ የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ደግሞ በክርስቲያኑ በኩል። ድርቅ ያለ ሰው ነበር። እወደዋለሁ፣ በስብሰባ ላይ ግን አንቄ መጣል ያምረኝ ነበር።

ለውጡ በመጣ ሰሞን የከብት ሌባ በዛ። የተሰረቀ በሬ በታረደ ቁጥር ዱላው የሚያርፈው እኛ አራጆቹ ላይ ነው። ሊቀመንበራችን ተደብድቦ የጎድን አጥንቱ የተሰበረ ጊዜ፣ ገና ሳይድን ሰብስቦን ደንብ አወጣ፦ የከብቱ ባለቤት የቄራው በር ላይ ቆሞ «ፈቅጃለሁ» ሳይል ቢላዋ አይነሳም። በግንቡ ወዲያና ወዲህ ሁላችንም ማልን።

ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ታጣቂዎች ከገጠሩ፣ ከአርዲቦ በኩል አንድ ቀይ በሬ እየነዱ መጡ። ጫንቃውን ቀንበር ልጦታል፤ የእርሻ በሬ ነው። አለቃቸው «እረድ!» አለኝ።

«ባለቤቱ የታለ?» አልኩት።

አፌን በሰደፍ ሲለኝ ጥርሶቼ ረገፉ። እኔን ትቶ፣ በሬውን አስነድቶ፣ ግንቡን ዞሮ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ፤ አፌን ይዤ ተከተልኩት። ሊቀመንበሩ ቢላዋውን መሬት ጥሎ ረገጠው።

«ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ባለበሬው ሳይፈቅድ አይታረድም» አለ፣ በዚያው በሚያናድደኝ የስብሰባ ድምፁ። ያን ቀን ግን ኮራሁበት።

አለቃው በንዴት የበሬውን ግንባር በጥይት አለው። በሬው ተንበርክኮ ወደቀ። ሳይባረክ የሞተ ደግሞ በክት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይበላውም። የገዛ ሰዎቹ ፊታቸውን አዞሩ።

«በክትማ አንበላም» አለ አንዱ።

አለቃው በሰዎቹ ፊት አፈረ። አፈሙዙን ወደ ሊቀመንበራችን ሲያዞር ጮኽኩ፤ ጩኸቴን ሳልጨርስ ተኮሰ። የሁለቱ ደም በአንድ ቦይ ሄደ። ያንን ሰውዬ ዛሬም ባገኘው በጥርሴ ነው የምዘለዝለው፤ የቀሩኝ ይበቁኛል።

ቀብረነው ለቅሶ እንደተቀመጥን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከአርዲቦ በእግሩ ደረሰ። ባለበሬው ነበር። ካሳ ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ ደሜ ፈላ። እሱ ግን የለቅሶ ቤቱ በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆመና እንባውን ለቀቀው።

«ምናለ አርዳችሁ ብትሰጧቸው ኖሮ! በሬ ይተካል እኮ! ብትጠይቁኝ፣ ወላሂ፣ ፈቅጃለሁ ባልኩ ነበር።»

የሟች ሚስት ከውስጥ ሆና ሰማችው።