የጾመኛው ነጭ ምላስ

ሰሞኑን ነው... ጠዋት ወፍጮ ቤቴን ልከፍት ስወጣ ባለቤቴ የሺ በር ላይ አስቆመችኝ።

«እስቲ ምላስህን አውጣ።»

አወጣሁ። አየችና ፊቷን አጨማደደች። «በዐቢይ ጾም ወተት መጠጣት ጀመርህ?»

እኔን እኮ ነው። የቡሬን ሰው ሁሉ ጾም የማስተምረውን።

«ዱቄት ነው» አልኳት። ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ዱቄት አያጣውም ብዬ። በጋቢዬ ጫፍ ብጠርገው... አልለቅ አለ። አጥብቄ ስፈገፍገው ደማ።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ድሮ ስለ ኤድስ ሲያስተምሩን አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ከወጣ ተመርመሩ ይሉን ነበር። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው ይህቺ ብቻ ናት።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኔ ከየሺ ሌላ ሴት አላውቅም። ታዲያ ከማን መጣ?

በሰይጣን አላሳብብም፣ የራሴ ጭንቅላት ነው። የሺ በርበሬ ልትገዛ ፍኖተ ሰላም ትሄዳለች፤ ሲመሽባት እህቷ ቤት ታድራለች። ስንት ዘመን መርቄ ስሸኛት የኖርኩት ሰውዬ አሁን እንቅልፍ አጣሁ። አኮረፍኩ። ስታናግረኝ «እግዜር ያያል» ብቻ ሆነ መልሴ። ሽሮው አፌን ሲለበልበኝ እንኳ ሆን ብላ ሚጥሚጣ የጨመረችብኝ መሰለኝ።

በመጨረሻ መረራት። «ምን አድርጌህ ነው? ተናገር።»

«ይሄ በሽታ... ከኔ አልመጣም።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ነጠላዋን አጣፋችና «ተነሥ፣ ጤና ጣቢያ» አለችኝ።

ሁለታችንም ደም ሰጠን። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ዞር ብላም አላየችኝ። ቢገኝብኝ ጉድ ፈላ... ባይገኝብኝ ደግሞ ይህቺን ሴት በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?

ሐኪሙ ጠራን። ሁለታችንም ነጻ ነን። ስኳርም የለብኝም። ከዚያ ምላሴን በባትሪ አየው።

«ይሄ ፈንገስ ነው። ድሮም አፍ ውስጥ አለ፤ የሰውነት መከላከያ ሲደክም ጠብቆ ነው የሚነሣው። ኤች አይ ቪ ወይ ስኳር ያለበት ሰው፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ... አንተ የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

«የአስም። በአፍ የሚሳበው። አስሙን ያመጣብኝ የወፍጮው ዱቄት ነው።»

«ከሳብህ በኋላ ትጉመጠመጣለህ?»

እኔ ጣራ ጣራውን ሳይ የሺ መለሰችልኝ። «አይጉመጠመጥም። ጠዋት ውሃ አፌ ከገባ ጾሜ ፈረሰ ይላል። ማታ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለዋል።»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አደረገ። መድኃኒቱ አፍ ውስጥ ሲቀር የአፍን መከላከያ ያዳክመዋል፣ ፈንገሱም ያን ጊዜ ይሠለጥናል አለኝ። ተጉመጥምጦ መትፋት ነው፤ በቃ። አፌ ውስጥ ይዤ የምቆየው ፈሳሽ መድኃኒት አዘዘልኝና ወጣን።

መንገድ ላይ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንደምንም ደረስኩባትና «የሺ፣ ይቅር በይኝ። ሰው እንዴት ሚስቱን እንዲህ ያስባል?» አልኳት።

እርምጃዋን ሳትገታ «እኔም እኮ አልለቅ ሲልህ ጊዜ አስቤው ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ከሌላ ሴት አምጥቶት ይሆን እንዴ ብዬ።»

እግሬ ቆመ። «እና ለምን ዝም አልሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ኋላ ሳስበው... አንተን ደግሞ ማን ይፈልግሃል ብዬ ተውኩት።»

እኔ ስብሰለሰል ሳድር እሷ ለጥ ብላ ስትተኛ የከረመችው ለዚህ ነው። ለካ ሰው እንዲህም ተብሎ ይታመናል።