የሃዳ ጉዮ ወተት

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ወተቱ ላይ የረጋውን ስልባቦት በጣቷ እያነሳች «ለምን ሁልጊዜ ይፈላል? ጎረቤቶቻችን እንዲሁ ነው የሚጠጡት» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ጠጪ!» አልኳት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ሳይጮህ አልቀረም፤ ባለቤቴ አብዱ በር ላይ ከዘራውን ተደግፎ እንደቆመ ዞር ብሎ አየኝ። ሁለታችንም ምን እንዳስታወስን አውቀናል።

ያኔ አዲስ ሙሽሮች ነበርን። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይተን አብዱ ኡራን የሚባል መንደር ድረስ በሎሪ እየሄደ ፍየል ይነግዳል፤ እኔ ከማዶ የመጣ በርበሬና ሽሮ እቸረችራለሁ። ዝናቡ ደህና የዘነበበት ዓመት ስለነበር ወተት በየቤቱ ሞልቶ ነበር። በዚያው ሰሞን አብዱን ትኩሳት ያዘው። ጠዋት ደህና ሆኖ ይነሳል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ መንቀጥቀጥ ይጀምርና አንሶላው እስኪጨመቅ ያልበዋል። የወባ መድኃኒት ዋጠ፣ የታይፎይድም ዋጠ። ሻል ይለዋል፣ ደግሞ ያገረሽበታል። ጠዋት ጠዋት ጤነኛ ስለሚመስል የገበያ ሰዎች «ሙሽራው ከቤት መውጣት አልሆነለትም» እያሉ ይስቁበት ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም እስቅ ነበር፤ ወገቡ ተይዞ ጫማውን ለማሰር ማጎንበስ ሲያቅተው ግን ሳቄ ጠፋ። ባሌ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ወተት የሚያመጡልን ሃዳ ጉዮ የሚባሉ የቦረና እናት ነበሩ። የጉዮ እናት ማለት ነው። ጉዮ የበኩር ልጃቸው ነበር፤ እሱ ቢሞትም ሁሉም የሚጠራቸው በእሱ ስም ነው። የአብዱን መታመም ሲሰሙ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ገና የታለበውን ትኩስ ወተት በእንጨት ጭስ በታጠነ ዕቃ ይዘው ይመጡና አልጋው ጫፍ ተቀምጠው እስኪጨርስ ይጠብቁታል።

«አነን ቆሪቻ» ይሉናል፤ ወተት መድኃኒት ነው። «ጉዮንም እንዲህ ነው ያስታመምኩት። ማታ ማታ ሲያልበው፣ ወገቤን ሲል፣ ከእጄ ነበር የሚጠጣው።»

የሻይ ወተት ሁላችንም እናፈላለን። ለመጠጥ የመጣውን ማፍላት ግን ያመጣውን ሰው እንደ መጠርጠር ይቆጠራል። ጣዕሙም ይሞታል። ደግሞስ ጭሱ ዕቃውን አጽድቶታል ብለን እናምን የለ? አብዱ በከሳ ቁጥር ሃዳ ጉዮ ዕቃውን ተለቅ ባለ ይለውጣሉ፤ እኔም አላህ እናት ላከልን እያልኩ አመሰግናለሁ።

በመጨረሻ ፍየል የሚጭን ሎሪ ላይ ፍራሽ ዘርግተን ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። መንገዱ መንገድ አይባልም ነበር። በየጉድጓዱ አብዱ በጮኸ ቁጥር እኔ ሾፌሩን እሰድባለሁ፤ ምስኪን፣ አንድም ጊዜ አልመለሰልኝም። እዚያ ደም የወሰደችው ነርስ እንደ ሌሎቹ ስለ ወባ አልጠየቀችንም።

«ማዚዋ?» አለች በስዋሂሊ። «ወተት ትጠጣላችሁ? ታፈሉታላችሁ?»

«የታጠነ ነው እኮ!» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

ራሷን ነቀነቀች። ጭስ አይገድለውም አለች። የደሙ ውጤት ሲመጣ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ብሩሴላ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ተህዋስ ነው። ፍየልና ግመል፣ ላምም ውስጥ ይኖራል፤ እንስሳዋ ጤነኛ ትመስላለች፣ ምናልባት ጽንስ ታስወርድ እንደሆነ ነው። በጥሬ ወተቷ ወይም ስታዋልዳት በእጅህ ቁስል በኩል ይገባል። ከዚያ በሽታ ሊከላከሉ የተፈጠሩት የደም ሕዋሶች ውስጥ ራሱ ይደበቃል። ትኩሳቱ እየሄደ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ሲቆይ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ የአብዱን ወገብ የያዘው እሱ ነው። ልብ ላይ ከወጣ ይገድላል። እሷ ስታወራ እኔ የማስበው ያንን በየጊዜው የሚተልቀውን የወተት ዕቃ ነበር።

መርፌውና ክኒኑ ከወር በላይ ወሰደ። ትኩሳቱ ጠፋ፤ ወገቡ ግን እንደ ድሮው አልተቃናም። በተመለስን ማግስት ሃዳ ጉዮ ወተታቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። አብዱ ነው በዚያ በሚያነክሰው ኦሮምኛው፣ በሽታው ከጥሬው ወተት እንደመጣ ቀስ ብሎ የነገራቸው። ዕቃውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ አልተቆጡም።

«ጉዮስ?» አሉ።

አብዱ እኔን አየኝ፣ መሬቱን አየ። «የጉዮ ሌላ ነው፣ ሃዳ» አላቸው። «የእሱ ሌላ በሽታ ነበር።»

በረጅሙ ተነፈሱና ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ ወዲያ የእኛን ወተት ፊታቸው ብናፈላም ቅር አላላቸውም። ቤታቸው ግን ጥሬውን መጠጣት ቀጠሉ። ለምን ያፍሉ? የጉዮ ሌላ ነው ተብለዋል።

ከዓመታት በኋላ ትንሿ ልጃቸውን ማታ ማታ ያልባታል ሲባል ሰማን። አብዱ እውነቱን ሊነግራቸው በዚያ ወገቡ ሞተር ላይ ተፈናጦ ሄደ። ድርቅ ስለነበር ከብቶቻቸውን ይዘው ሣር ፍለጋ ርቀዋል፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘም። ልጅቷ ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አናውቅም። በአብዱ አልፈርድም። አንዲትን እናት «ልጅሽን የገደለው ከእጅሽ የጠጣው ነው» የምል እኔስ ማን ነኝ? ቢሆንም ወተት ባፈላሁ ቁጥር ያቺ ልጅ ትመጣብኛለች።

ዛሬም የልጅ ልጄ ኩባያዋን አጋምሳ ስታስቀምጥ አብዱ ከበሩ ላይ ጠየቃት፦

«የትኞቹ ናቸው ጥሬውን የሚጠጡት ጎረቤቶች?»

በጣቷ አሳየችው። ከዘራውን አንስቶ፣ ወገቡን በአንድ እጁ ደግፎ፣ ቀስ እያለ ወደዚያ ቤት ሄደ።