የስፒከሩ ሳጥን ልክ

ጋሼ የምንላቸው አጎታችን ግሽ አባይ ባለችው ሱቃቸው የስፒከር ሳጥን ይሠሩ ነበር። የሳጥኑን ልክ በሒሳብ አውጥቼ የምነግራቸው እኔ ነበርሁ። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ትንሽ አስፍተው ይሠሩና የኋላ ክዳኑን እየከፈቱ ውስጡ እንዲጠብ ቁርጥራጭ ጣውላ አንድ በአንድ ይጨምሩበታል። «ጠባብ ሳጥን ድምፁን ያንቀዋል፤ ሲሰፋ ደግሞ ይዝረከረካል» ይላሉ። ከዚያ ዘፈን ይከፍቱና በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ታናሽ እህቴ ይዞራሉ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

እኔን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም። እህቴ ሒሳቡን አታውቀውም፤ ያላት ጆሮ ብቻ ነው። የቀብራቸው ዕለት ካስለቀሰኝ ነገር አንዱ፣ ከእንግዲህ መቼም እንደማይጠይቁኝ ማወቄ ነበር።

አርባቸው ካለፈ በኋላ፣ ለአንድ የጎርጎራ ጀልባ ጀምረውት የነበረውን ሳጥን እኔ ጨረስሁት። ጣውላውን ጨምሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ ዘፈን ከፈትሁ። ለእኔ ጆሮ ልክ ነበር። ሳላስበው፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኋት።

እህቴ ወደ እኔ አልዞረችም። ባዶውን በርጩማ እያየች፣ «አንድ ጣውላ ይውጣለት፣ ጋሼ» አለች።

አወጣሁት፤ ድምፁ ተስተካከለ። ሞተውም የሚሰሙት እሷን ነው።