የኣቦይ ሃይላይ ቦይለር ውሃ አነሰኝ አለ

መቐለ፣ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ቧንቧ ከፍቶ ማንዷዷት ነውር ነው። ሕጉን ያወጡት አከራዬ ኣቦይ ሃይላይ ናቸው። ቧንቧ የሚከፈተው ውሃው ክር እስኪያክል ብቻ ነው፤ ክሩ ወፈር ካለ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው በመምህርነት ቀጥሮኝ ስመጣ ያ ጉሮሮ ጠረጋ ጉንፋን መስሎኝ ዝንጅብል አፍልቼ ወሰድኩላቸው። ጠጡትና አመሰገኑኝ፤ ቀጥለው ዝንጅብሉን ለማፍላት ስንት ውሃ እንደፈጀሁ ጠየቁኝ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንደ እኔ ላለው ሰው ነው።

ኣቦይ ሃይላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ከመቐለ አዲስ አበባ። ጡረታ ከወጡ በኋላም መንገዱ ከአፋቸው አልወጣም። ግቢ ሲጠርጉም ሆነ ጫማ ሲወለውሉ የከተሞቹን ስም እንደ ረዳት በተርታ ይጠራሉ፦ ቁሓ፣ ዓዲጉደም፣ ሕዋነ፣ ዓዲሽሁ፣ ማይጨው። በራዲያተር ግማሽ ውሃ የግራካሕሱን ዳገት የወጡበትን ቀን ያልሰማ ሰው ካለ፣ ወደዚህ ሰፈር ገና አልመጣም ማለት ነው። ማኪናም ሰውም በትንሽ ውሃ መኖር ይችላል ይላሉ።

ይህ እምነት ከሜዳ አልመጣም። በዚያ ክፉ ጊዜ ቧንቧው ደርቆ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ኣደይ ኣረጋሽ ጀሪካን ተሸክመው ይህን ዳገት ሲወጡት ኖረዋል። ዛሬም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ሮቶውን እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ነው። የኣደይ ኣረጋሽ ጉልበት ግን ከጀሪካኑ ዘመን በኋላ አላገገመም። ሐኪሙ ሙቅ ውሃ እንዲወርድበት አዘዘ። ልጃቸው ዮሃና ይህን ስትሰማ ከአዲስ አበባ ቦይለር ገዝታ ላከች፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ውሃው ሲያልፍበት ወዲያው የሚያሞቅ፣ ፊቱ ላይ ቁጥር የሚያበራ ትንሽ ነጭ ሣጥን ነው።

የተከለው ባለሙያ ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሲሞክረው ውሃው እያጨሰ ዷ ብሎ ወረደ። ኣደይ ኣረጋሽ ገብተው ታጠቡና ፊታቸው በርቶ ወጡ፤ ዮሃናን እስከ ልጅ ልጇ መረቁ። ኣቦይ ሃይላይ ግቢው መሃል ቆመው ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ፊታቸው ጅብ በጉን ሲወስድበት የሚያይ ሰው ፊት ነበር።

በማግስቱ ቦይለሩ እምቢ አለ። ክር የምታክል ቀዝቃዛ ውሃ ወረደች፣ ሣጥኑ ጢጥ ጢጥ አለ፣ ፊቱ ላይም «ኢ 4» የሚል ቀይ ጽሑፍ በራ።

ኣቦይ ሃይላይ ምርመራውን የጀመሩት በሾፌር ደንብ ነው። አጠፉትና እስኪበርድ ጠበቁት፤ ነገሩ መቼም አልሞቀም ነበር። መልሰው አስነሡት። ኢ 4። ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ለጥፈው ካዳመጡ በኋላ ሞተሩ ጤነኛ ነው ብለው አረጋገጡልን፤ ሞተር የለውም። ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከቆጣሪው አጥፍተው ሲያበሩት ስጽፈው የዋልኩት የፈተና ጥያቄ ከኮምፒውተሬ ላይ እልም አለ። ኢ 4 ግን ወይ ፍንክች። ጎረቤታችን ገዛኢ ደግሞ በአጥር ብቅ ብሎ፣ ዕቃው የአዲስ አበባ ብርድ የለመደ ስለሆነ የመቐለን አየር እስኪለምድ ጊዜ ስጡት አለ። ምክሩ ስለተወደደ ቦይለሩ እንደ አራስ ተከብሮ ሰነበተ። እኔም በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠብኩ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ክፍል እገባ ነበር።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና ከቦይለሩ ጋር የመጣውን መመሪያ አነሳሁ። ከዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ነው። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ተርጉም ስለው፣ ስልኬ በራሱ አማርኛ እንዲህ አለ፦ «ኢ 4። ውሃ ድሃ ነው። ማሞቅ አይደፍርም።»

ወደ ሻወር ቤቱ ገብቼ ከቦይለሩ ሥር ያለውን ቫልቭ ባየው ሊዘጋ ጥቂት ነው የቀረው። ኣቦይ ሃይላይን ጠየቅኳቸው። አላፈሩም። ባለቤታቸው ታጥበው እንደወጡ በገዛ እጃቸው ክር እንዳደረጉት እንደ ጀብዱ ነገሩኝ። ዕቃው በቂ ውሃ ካላለፈበት እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን እንደሚያጠፋ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እሳቸውን የቆረቆራቸው ግን ድሃ የሚለው ቃል ነበር።

«እሞ ስሚኝ ጓለይ፣» አሉ፣ ልጃቸው መሆኔ ነው። «እኛ በአንድ ጆግ ታጥበን ሠርግ የሄድን ሰዎች ነን። ይሄ ትናንት የመጣ ነገር የት አድጎ ነው ውሃ አነሰኝ የሚለው?»

ከዚያ ቦይለሩን ሥርዓት ማስያዝ ጀመሩ። በየጠዋቱ ቫልቩን ፀጉር በምታክል ይከፍቱና ይፈትሹታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ባሾፍባቸው፣ እሳቸው እንደ ማበረታቻ ወሰዱት። አንድ ቀን ቦይለሩ በርቶ ለብ ያለች ክር ወረደች። ይኸው ለመደ ብለው በኩራት ባለቤታቸውን ጠሩ። ኣደይ ኣረጋሽ እያነከሱ ገቡ። ፀጉራቸውን ሳሙና እስኪመቱ የጠበቀ ይመስል ጢጥ ጢጥ አለና በረዶ ለቀቀባቸው።

ጋቢ ተከናንበው፣ አረፋው በግንባራቸው እየወረደ ወጡ። ከባላቸው ጋር ሁልጊዜ የሚነጋገሩት በትግርኛ ነው፤ ያን ቀን ግን እኔ ምስክር እንድሆን ብለው በአማርኛ ተናገሩ።

«ሃይላይ፣ ይሄ ጉልበት ያለቀው ውሃ ሲሸከም ነው። አሁን ደግሞ ውሃው እኔን ይሸከመኝ ብል በዛብህ? ቁሓ ዕፀገነት ቤት ነኝ። ውሃህ የሚበቃኝ ቀን ጥራኝ።»

ዕፀገነት እህታቸው ናት። ሚኒባስ ሲሳፈሩ ሳሙናው ገና ከጆሯቸው ኋላ አልደረቀም ነበር።

ኣቦይ ሃይላይ መጀመሪያ የሮቶው ውሃ አለመቀነሱን እያዩ የተደሰቱ መሰሉ። ውለው አድረው ግን ደስታው አልዘለቀም። ዳቦ በሻይ ሆነ ምግባቸው። ግቢ ሲጠርጉ የከተሞቹን ስም ይጀምራሉ፤ ከ«ቁሓ» አልፈው ግን ዓዲጉደም መድረስ አቃታቸው። አውቶቡሱ ቁሓ ላይ ተበላሸ። የሰውዬው ግትርነት እያንገበገበኝም አዘንኩላቸው።

ከዚያ የሰፈራችን ፈረቃ ደረሰና ውሃ መጣ። ሌላ ጊዜ ውሃ ሲመጣ ግቢያችን ሠርግ ቤት ይሆናል፤ ሳፋውም ባልዲውም ይሰለፋል። አሁን ግን ሮቶውም ባልዲውም ሙሉ ነው። የተጠቀመ የለምና መግቢያ ያጣው ውሃ ከጣራው ተርፎ በግድግዳው ወረደ፣ በበሩ ሥር አልፎ ዳገቱን ቁልቁል ተንዶለዶለ። ኣቦይ ሃይላይ በሩ ላይ ቆመው ያን ሁሉ ዘመን በክር የሰበሰቡት ውሃ ጎዳና ሲወጣ አዩት። ጉሮሯቸውን እንኳ አልጠረጉም።

«ጓለይ፣» አሉኝ ዘወር ሳይሉ፣ «ሮቶው ሞላ። የሚታጠብበት ሰው ግን የለም።»

ሻወር ቤት ገብተው ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ቦይለሩ አንዴም ሳያጉረመርም በራ። ከዚያ የሻወሩን ቧንቧ ዘግተው፣ ጠመንጃ የሚያክል ካቻቢቴ አምጥተው የቫልቩን እጀታ ፈቱ፣ በመሐረብ ጠረጉት፣ የክት ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና ወደ ቁሓ ሄዱ።

እዚያ የሆነውን የነገሩኝ ኣደይ ኣረጋሽ ናቸው። ኣቦይ ሃይላይ ብዙ አልተለማመጡም። እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ይሄን አንቺ ያዢው፣ እኔ ጋ ካለ እጄ ሳላዘው ይዘጋዋል አሉ። እህትየው እርቅ በብረት ሲወርድ አይቼ አላውቅም ብላ ሳቀች። ኣደይ ኣረጋሽ ግን ያለቀሱ መሰለኝ፤ ይህን አልነገሩኝም።

ሲመለሱ ኣደይ ኣረጋሽ እጀታቸውን እንደያዙ በቀጥታ ሻወር ቤት ገቡ። ውሃው ዷ አለ። እንፋሎቱ በመስኮቱ ወጣ። ኣቦይ ሃይላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግቢውን ይመላለሳሉ፤ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ይከጅሉና ይውጡታል። እኔም ፎጣዬን ይዤ ተራዬን እጠብቃለሁ። ድንገት ድምፁ ቀነሰ፤ አሁንም ቀነሰ፤ ክር ሆነ። ጢጥ ጢጥ።

ኣቦይ ሃይላይ ደማቸው ደረቀ። ባዶ መሆናቸውን እያሳዩ ሁለቱን እጆቻቸውን አነሱልኝ።

«ሃይላይ፣» አሉ ኣደይ ኣረጋሽ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አቤት።»

«ድምፁ አላስችል አለኝ። ትንሽ ቀነስኩት።»

ኣቦይ ሃይላይ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከውስጥም ሳቅ ተሰማ። እንባቸውን ጠርገው ተነሱና በሩ ሥር ቆሙ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ። በቃ ሕጉ ተመለሰ ብዬ ፎጣዬን አጠፍኩ።

«ክፈቺው፣» አሉ። «ድምፁን እኔ እሸፍንልሻለሁ።»

ውሃው እንደገና ዷ ሲል ኣቦይ ሃይላይ በጎልማሳነት ድምፃቸው፣ ከውሃው በላይ መጣራት ጀመሩ። ቁሓ፣ ቁሓ፣ ዓዲጉደም፣ ሕዋነ። ገዛኢ መኪና የሚሄድ መስሎት በአጥር ብቅ አለና ለኮረም ቦታ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማይጨውን፣ ኮረምን፣ አላማጣን አለፉ። ቆቦን አልፈው ወልድያ ሲደርሱም ኣደይ ኣረጋሽ ገና አልወረዱም ነበር።