ሳህራ ሱቋን ቆልፋ ሄደች

ትናንት ሰኞ፣ የጅግጅጋ ነፋስ አቧራ እያነሳ ነበር። ሱቄ ውስጥ የነበርነው እኔና ከጎኔ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ሳህራ ብቻ ነን።

ስልኬ ላይ የከፈትኩት ፕሮግራም አቅራቢ "ሙስሊም ጎረቤት አይታመንም" አለ።

ሳህራ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "አባዮ፣ እኔን ነው?" አለችኝ። አባዮ ስትል እህቴ ማለቷ ነው።

"ኧረ አንቺን አይደለም፣ ሌሎቹን ነው" አልኳት።

"ሌሎቹ እነማን ናቸው? እናቴ ናት?"

ፕሮግራሙን ዘጋሁት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሶላት ስትሄድ ሱቋን ክፍቱን ለእኔ ትታ ነው። እኔም ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንደዚያው። ትናንት ግን ለሶላት ስትወጣ ቆለፈችው። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጎትታ አየችው።

ይኸው ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ስለ አይሁድ ያንኑ ሲናገር አልዘጋሁትም። አይሁዳዊ ጎረቤት ስለሌለኝ አላመመኝም።

ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከምጠቀልልበት ቁራጭ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣ ቢዋሽ እንኳ ስኳር ይጠቀለልበታል፤ ይሄን ስልክ ምን ላድርገው?

እናንተስ "ሌሎቹን ነው" ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ተብላችኋል? ንገሩኝ እስቲ።

ዛሬ ጠዋት ከፕሮግራሙ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ሱቄን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችልኝ ሙስሊም ናት። አንድ ዕቃ ጎድሎብኝ አያውቅም። የተናገርከው ውሸት ነው።" ስሜንም አልደበቅኩም።

ከዚያ በርጩማዬን አውጥቼ ሳህራ ሱቅ በር ላይ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው። እስካሁን አልመጣችም።