ከሙሽራዋ ይልቅ ግድግዳው የጠራበት ሰርግ

የእህቴ ባል ስለ ሌንስ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለማያውቀው ሰው ስለ ታቦት የሚያወራ ነው የሚመስለው። ፊዚክስ ሊያስተምር ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ሐረር የመጣ፣ እህቴን አግብቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ ስለ ብርሃን ምን እንደተማሩ አላውቅም፤ እኛ ግን እሑድ እሑድ ምሳ ላይ ከበቂ በላይ ተምረናል። ውድ ካሜራ አለው። ፎቶ የሚያነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያወራበታል።

እኔ ደግሞ የምተዳደረው በፎቶ ነበር። ቤታችን ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ብዙም የማይርቅ የአያቶቻችን ግቢ ነው። ሥራዬ ግን በአብዛኛው ግንቡ ውስጥ ነው። በሐረሪ ሰርግ የሴቶቹ ወገን ወንድ ፎቶ አንሺ አያስገባም፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ካሜራ ይዛ የምትዞር ሴት ከእኔ ሌላ እምብዛም አልነበረችም። ስለዚህ የክርስቲያን ልጅ ብሆንም ሙሽራ ወጥታበት እኔ ያልገባሁበት ቤት ጥቂት ነው።

የእነዚያ ቤቶች ችግር ብርሃን ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን ያጌጠ፣ መደቡ ምንጣፍ የለበሰ የሚያምር ክፍል ነው፤ ብርሃን የሚያገኘው ግን በበሩ በኩል ብቻ ነው። እኔ በፍላሽ ነበር የምሠራው። ፍላሽ ወርቁን ያነጣዋል፣ የእጇን ሂና ያደበዝዘዋል፣ የሙሽራዋን ግንባር ቅቤ የተቀባ ያስመስለዋል። ያም ሆኖ ዓይኗ ዓይን፣ አፍንጫዋም አፍንጫ ሆኖ ይወጣል።

አንድ እሑድ የእህቴ ባል የሥራ አልበሜን አገላበጠና በሁለት ጣቱ ወደ እኔ ገፋው።

"አንቺ እኮ የምታነሺው ፎቶ አይደለም፤ የመታወቂያ ጉርድ ነው" አለኝ።

"ሰዎቹ ወደውታል።"

"ሌላ ስላላዩ ነው። እስከ አንድ ነጥብ አራት የሚከፈት ሌንስ ነው የሚያስፈልግሽ። ብርሃን ይጠጣል። ፊቷ ብቻ ይጠራና ከኋላዋ ያለው ሁሉ እንደ ጭጋግ ይሟሟል።" ይህን ሲል ዓይኑን ጨፈነ።

ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ነበረውና አስመጣልኝ። ካርቶኑን የከፈተው እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት እጁን በሳሙና ታጠበ። እህቴ ልጃቸው በተወለደች ጊዜ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ እንዳላየችው በጆሮዬ ነገረችኝ።

አዲሱን ሌንስ ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ጊደር መጋላ ገበያ የቤት ዕቃ የሚሸጡ አንዲት ሴት የመጨረሻ ልጃቸውን ሲድሩ ነው። ፍላሹን ቤት ተውኩት። ሙሽራዋ መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ እኔ ወደ ዓይኗ አነጣጥራለሁ፣ ካሜራው ጢጥ ይልና ትንሿ መብራት ትበራለች፤ አገኘሁት ማለቱ ነው። ከካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ሲታይ ወርቁ ወርቅ ይመስላል፣ ሂናውም ሂና። ሴቶቹ ከበቡኝና "ማሻአላህ" አሉ። ቤቴ እስክገባ ድረስ ኮራሁ።

ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ፊቷን አጎላሁት። ሙሽራዋ በእንፋሎት ውስጥ እንዳለች ሆና ነው የወጣችው። ከኋላዋ የተሰቀለው ስፌት ግን ስንደዶው አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንደኛው ሳህን ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር ትታያለች። ቀጣዩን ከፈትኩ፤ ያው ነው። ከሩቅ ካነሳኋቸው ጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ያው ነው።

የሙሽራዋ እናት ፎቶውን ሊያዩ ሲመጡ የምደብቅበት መንገድ አልነበረኝም። ረጅም ጊዜ አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ደግመው አዩ።

"መነጽሬ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ስፌቶቼስ አምሮባቸዋል። ይህቺን እናቴ ናቸው የሰፏት። ልጄ የት አለች?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሌንሱ ነው።"

"ወላሂ፣ እኔ ሌንስ አልዳርኩም። ልጅ ነው የዳርኩት።"

ልጅቷ ወደ ባሏ አገር ከመሄዷ በፊት እንደገና ለብሳ እንድትነሳ ለመንኳቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ እሺ አሉ።

በዚያው ቀን ወደ እህቴ ባል ሄድኩ። ፎቶዎቹ የሴቶች ስለሆኑ አላሳየሁትም፤ የሆነውን ብቻ ነገርኩት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

"እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነው።"

"እጄ ቢንቀጠቀጥ ስፌቱም አይጠራም ነበር።"

"እንግዲያው ሙሽራዋ ተንቀሳቅሳለች።"

"ሁሉም ላይ? ሁልጊዜ ከግድግዳው ወደ እኔ ብቻ?"

"ትንፋሽ ነው" አለ። "ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ይመላለሳል። ሌንሱ አይሳሳትም።"

በብርሃን ዲግሪ የያዘ ሰው ሙሽራዋን በመተንፈስ ሲከሳት ሰማሁ።

በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ጠረጴዛ አወጣሁና የለስላሳ ጠርሙሶች አንዱን ከአንዱ ኋላ አድርጌ በሰያፍ ደረደርኩ። መካከለኛው ጠርሙስ ጽሑፍ ላይ አነጣጥሬ አነሳሁ። ካሜራው ጢጥ አለ፤ የጠራው ግን ከኋላው ያለው ጠርሙስ ነው። ደጋገምኩት፤ አልተለወጠም። የእህቴን ባል ጠርቼ አሳየሁት።

"ጠረጴዛሽ ተዳፍቷል" አለ።

ከጎረቤት አናጺ ውሃ ልክ ተውሶ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች። ውሃ ልኩን አዙሮ አስቀመጠው፤ አሁንም መሃል ላይ ቆመች። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና የግቢያችን ብርሃን ለሙከራ አይሆንም ብሎ ሄደ።

አዲስ አበባ ካሜራ የሚጠግን ሰው ጋ ደወልኩ። እሱ አንድም ጊዜ ስለ እጄ አልጠየቀኝም። "ካሜራው ርቀቱን ለክቶ ያዛል፤ ሌንሱ ደግሞ ትንሽ አልፎ ይቆማል" አለኝ። "መክፈቻው በጠበበ ሌንስ ቢሆን አይታወቅም ነበር። በዚህኛው ግን የሚጠራው ክልል ጣት አይሞላም፤ ትንሽ ከሳተ ዓይኗን ትቶ ጆሮዋን ያጠራልሻል። ካሜራውንና ሌንሱን አንድ ላይ ካላመጣሽልኝ አላስተካክለውም። እስከዚያ በራሱ የሚያጠራውን አውቶፎከስ አጥፊና ሌንሱን በእጅሽ እያዞርሽ፣ መስኮቱ ላይ ፊቷን አጉልተሽ አንሺ።"

አዲስ አበባ ለመሄድ ጊዜ አልነበረም። ሙሽራዋ ዳግመኛ ለበሰች፣ ሂናዋ ታደሰ፣ አክስቶቿም እያጉረመረሙ ለበሱ። የእህቴ ባል "ሌንሱን ብቻውን አልተወውም" ብሎ ተከትሎኝ መጣ። እንደማይገባ ያውቃል፤ ጠባቡ መንገድ ላይ፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ገና ካሜራዬን ሳላወጣ ስልኬ ጮኸ።

"የመሃሉን የማነጣጠሪያ ነጥብ ብቻ ተጠቀሚ" አለ። "ስትጫኚ ትንፋሿን ትያዝ።"

ዘጋሁት። ወዲያው ደግሞ ደወለ።

"ማነው?" አሉ እናትየው።

"የእህቴ ባል ነው። በር ላይ ተቀምጧል።"

"ምን ፈልጎ?"

"ሙሽራዋ እንዳትተነፍስ ነው የሚለው።"

አንዷ አክስት "አቦ፣ ሊገድላት ነው እንዴ" አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ሙሽራዋም ሳቀች። በሩን ወለል አድርገን ከፍተነው ነበር፣ የሌንሱንም መክፈቻ ትንሽ ጠበብ አድርጌ በእጄ ፊቷ ላይ አስተካክዬው ነበርና ሳቋን አነሳሁት። ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ አፍንጫዋ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ሳትቀር ጠራች። እናትየው መስኮቱ ላይ አዩና "አሁን ልጄ መጣች" አሉ። ከዚያም ለበር ላዩ ሰውዬ ሻይ እንዲወጣለት አዘዙ።

ስወጣ ብርጭቆውን ይዞ አገኘሁት።

"ጠራ?"

"ጠራ።"

"አላልኩሽም? ሌንሱ አይሳሳትም።"

"አውቶፎከሱን አጥፍቼ ነው ያነሳሁት። ሥራውን የሠራው እጄ ነው፤ ያ ይንቀጠቀጣል ያልከው።"

"ዋናው መስታወቱ ነው" አለና ሻዩን ጨለጠ።

ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር መከራከሩን ተውኩት። ሌንሱን አልፈልገውም ስለው ደስ አለው፤ የሚገባው ለእሱ እንደነበረ ገና ሳይገዛ ያውቅ ነበር። በምትኩ አሮጌውን፣ ጠባቡን፣ ሰው ፊት ሊያወጣው የሚያፍርበትን ሌንሱን ወሰድኩ። ፍላሼን ወደ ጣሪያው አዙሬ ስሠራ ወርቁም አልነጣ፣ የሙሽሮቹም ግንባር አላብረቀረቀ። ይህን ማንም ሳያስተምረኝ በፊትም ልሞክረው እችል ነበር፤ የእሑድ ትምህርቱ ፋታ አልሰጠኝም እንጂ።

እሱ ሌንሱን ከመምህራን ጓደኞቹ ጋር ሶፊ ለሽርሽር ሲሄዱ ይዞት ሄደ። ጫት ማሳ ፊት አሰልፎ አነሳቸው። ትልቅ አድርጎ አሳተመውና ሳሎን ሰቀለው። የጫቱ ቅጠል ጅማቱ ይታያል፤ ርዕሰ መምህሩ በኮፍያው ካልሆነ አይለይም። እንግዳ ሲጠይቀው "ስሜቱን ነው የፈለግኩት" ይላል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ በጠርሙስ ለምን ሞክሮ እንደማያየው ጠየቅኩት።

"ያላመነ ሰው ነው የሚሞክረው" አለኝ ፊዚክስ አስተማሪው፣ እንጀራውን እየጠቀለለ።

እህቴ ወደ እኔ ሳታይ ወጥ ጨመረችለት።